ባለ ሁለት አልጋው ክፍል

ትርንጎ ወሬውን የነገረችን ፒያሳ፣ ኬክ ቤቱ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛዋ ለሁለት ሰው ናት። እኔና ትርንጎ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀን ወደ ጎንደር ከተመለስን ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከውይይት ክበብ ስንወጣ እዚያችው ላይ እየተቀመጥን ሻይ እንጠጣ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ከሌላ ጠረጴዛ ሦስተኛ ወንበር ይጎተታል። የምትጎትተው ሐረገወይን ናት። ወንበሩን አታነሣውም፤ ሲሚንቶው ላይ እያስጮኸች ትስበዋለች። ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያያታል። እሷ ግድ የላትም።

«ተፈቀደ!» አለች ትርንጎ። «ደመቀ ጀልባዋን አስፈቀደ። አራት ቀን ሙሉ! ካፒቴን፣ መካኒክ፣ ምግብ አብሳይ፣ አስተናጋጅ ሳይቀር አላት።»

«አስተናጋጅም?» አለች ሐረገወይን። «እንዲያማ ከሆነ ልክ እንደ ዳኑብ ነው።»

ዳኑብ መጣ አልኩ በልቤ። ሐረገወይን ቡልጋሪያ ተምራ የመጣች የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ከትርንጎ ጋር አንድ ሆስፒታል ይሠራሉ። እዚያ ሳለች ከጓደኞቿ ጋር በዳኑብ ወንዝ ላይ በመርከብ ተንሸራሽራለች። ጠዋት ጠዋት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ይነጠፍላቸው ነበር፤ ማታ አኮርዲዮን የሚጫወት ሽማግሌ ነበር፤ ምግብ አብሳዩ ሾርባው ላይ እርጎ ያፈስበት ነበር። ታሪኩን ከመስማቴ ብዛት፣ ተሳስታ ብትዘል እኔ ላርማት እችላለሁ።

ደመቀ የትርንጎ እጮኛ ነው። ጀልባዋ ደግሞ ጎርጎራ የምትቆም የእንግዳ ጀልባ ናት። ትልልቆቹ ጀልባዎች እህልና መንገደኛ ወደ ባሕር ዳር ሲያመላልሱ፣ እሷ ከበላይ አካል የመጡ ጓዶችን ታንሸራሽራለች። ደመቀ እንዴት እንዳስፈቀዳት ስንጠይቀው «ወረቀቱ ላይ የዓሣ ሀብት ጥናት ነው የሚለው፤ እንግዲህ ዓሣ በበላችሁ ቁጥር እያጠናችሁ ነው» ብሎ ሣቀ።

ጉዞው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ሠርጉ ጥር። ትርንጎ አንደኛ ሚዜዋ ማን እንደሆነች ገና አልተናገረችም። ጀልባዋ ውስጥ ያለችው መኝታ ክፍል ደግሞ አንዲት ናት፤ አልጋዋም ሁለት ብቻ። ደመቀ ከጀልባ ሠራተኞቹ ጋር ውጭ ያድራል። ከሦስታችን አንዳችን ሳሎን ተብዬው ውስጥ አግዳሚ ላይ መተኛታችን ነው። ከትርንጎ ጋር በዚያች ክፍል የምታድረው ሚዜዋ እንደምትሆን ማንም አልተናገረም፤ ግን ሦስታችንም ገብቶናል። አራት ሌሊት ከሙሽራ ጋር ባንድ ክፍል ያደረች ሴት፣ በሠርጉ ቀን ከኋላ አትቆምም።

የጀልባው ሐሳብ መጀመሪያ የኔና የትርንጎ ነበር። ስድስት ኪሎ፣ ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ፣ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ያለን ዕለት፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበን «ሥራ ስንይዝ ጀልባ ይዘን ጣና ላይ እንከርማለን፤ እኔና አንቺ ብቻ» ያለችው እሷ ናት። እኔ የተነገረኝን አልረሳም። ትርንጎ ትረሳለች። ስለማውቅ አላስታወስኳትም።

«ትሪ» አለች ሐረገወይን፣ እጇን ትርንጎ እጅ ላይ ጣል አድርጋ፤ «ዕቅዱን ለኔ ተዪልኝ።»

ትሪ! እናቷ ትርንጎ ይሏታል፤ እኔ ትርንጌ እላታለሁ። ትሪ የሚላት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ትርንጎም ስኳር ሳታደርግ ሻይዋን ፉት አለች። ሐረገወይን ሻይ በስኳር አትጠጣም።

ዕቅዱ የተዘጋጀው ቁስቋም፣ በትርንጎ እናት ቤት ነው። እትዬ አማረች ሽንኩርት እየላጡ ከጎናችን ተቀምጠዋል።

«ጾም ላይ ነው የምትሄዱት» አሉ። «ምን ልትበሉ ነው?»

«ዓሣ አለ፣ እማማ» አለች ሐረገወይን።

«ዓሣ ደም አለው ወይስ የለውም?»

«አለው።»

«ታዲያ ምኑ ተጾመ?»

«ደሙ ቀዝቃዛ ነው እኮ፣ እማማ። በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያ የቀዘቀዘ የበግ ወጥም ጾም ነው በዪኛ!»

ትርንጎ ሣቀች። ሐረገወይን ከሁላችን በላይ ሣቀችና ተነሥታ እትዬ አማረችን ግንባራቸውን ሳመቻቸው። እሳቸውም ሽንኩርት ባስለቀሰው ዓይናቸው እያዩዋት «ወይ አንቺ ነገረኛ! ሸጋ ልጅ ነሽ» አሏት። እኔ እዚያ ቤት ከልጅነቴ ጀምሬ ስገባ ስወጣ፣ እትዬ አማረችን እንዲህ አሥቄያቸው አላውቅም። እኔን «ይህች ልጅ በልታ ይሆን?» ብለው ነው የሚጠይቁ፤ እሱንም ትርንጎን ነው የሚጠይቁ።

ሐረገወይን አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋች።

«ይርገዱ፣ አንቺ ጂኦግራፊ አይደል የምታስተምሪው? ካርታውን አንቺ ሣዪልን።»

ሣልኩ። ከላይ ጎርጎራን፣ ከታች ዘጌን አደረግሁ፤ ደሴቶቹን በየቦታቸው አስቀመጥኩ። ተማሪዎቼ ጣናን ሲሥሉ ድንች ያስመስሉታል፤ የኔው ግን ጣና ነበር። ሐረገወይን ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ሐይቁ መካከል አካባቢ ጣቷን አሳረፈች።

«ይህች ማን ናት?»

«ደጋ እስጢፋኖስ።»

«በቃ! የሁለተኛው ቀን ምሳ እዚህ ነው። ሆስፒታላችን ያለው ዶክተር መለሰ ሄዶ ያነሣውን ፎቶ አሳይቶኛል፤ እንዴት ያለ ዛፍ መሰላችሁ! ትሪ ነጩን ቀሚሷን ትለብስና ከጀልባው ስትወርድ ፎቶ እናነሣታለን። አስተናጋጁ ጠረጴዛ ያወርድልናል። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ እኔ አመጣለሁ።»

«ሴት የማይገባበት ደሴት አለ ይባል የለ?» አለች ትርንጎ።

«እሱ ባሕር ዳር አጠገብ ያለው ነው። ሰምቻለሁ» አለች ሐረገወይን።

እርሳሴ ቆመ።

ባሕር ዳር አጠገብ ያለውም ሴት አያስገባም። ደጋም አያስገባም። የጎንደር ሰው ሁሉ ሴት የማይረግጠው ደሴት እንዳለ ያውቃል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ሄዶ የተመለሰ ነው የሚያውቀው። እኔ ሄጃለሁ። የእናቴ ወንድም አባ ሐብተ ማርያም ደጋ ላይ መንነው ነበር። ልጅ ሳለሁ ልንጠይቃቸው በታንኳ ሄድን። አባቴና ታላቅ ወንድሜ ወርደው ሽቅብ ወጡ። እኔና እናቴ ታንኳዋ ላይ ቀረን። አጎቴ ቆይተው ወደ ዳር ወረዱና መስቀላቸውን ውኃው ላይ ዘርግተው አሳለሙን፤ ዳቦ በቅጠል ጠቅልለው አቀበሉን። እናቴ ስታለቅስ እኔ ወንድሜን ነበር የማየው። ከፍታው ላይ፣ ዛፎቹ መካከል ቆሞ እጁን ያወዛውዝልኛል። እግሬን ከታንኳዋ ወደ መሬቱ ሰደድኩ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ዳቦው ጣፋጭ ነበር፤ የበላሁት ግን እየተናደድኩ ነው።

ይህን ሁሉ ልናገር እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ነገር ግን የሐረገወይን እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ሽቶዋም የትርንጎ አዲሱ ሽቶ ነበር። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል «ምነው?» የሚለኝ ሰው የለም፤ ዝምታ የኔ ጠባይ ነው ተብሎ ካለቀ ቆይቷል። ደጋ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ሣልኩ። አራት እግር አወጣሁላት፤ ከላይ የጠረጴዛ ልብስ አለበስኳት፤ ጫፉን ዘርፍ አደረግሁለት።

«ውይ ስታምር!» አለች ሐረገወይን። «አየሽ ትሪ? ጓደኛሽ እኮ ሠዓሊ ናት።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በደስታ ነው ያሳለፍኩ ብል አላጋነንኩም። ተማሪዎቼ ፈተና ሲጽፉ እኔ መስኮት አጠገብ ቆሜ ደጋ እደርሳለሁ። ጀልባዋ ዳር ትይዛለች። ሐረገወይን ከቡልጋሪያ ባመጣችው ሱሪዋ ከፊት ትቆማለች። አንድ መነኩሴ በትራቸውን ይዘው ይወርዱና «እኅቴ፣ እዚያው ባለሽበት» ይሏታል። እሷ ታፍራለች። አስተናጋጁ ጠረጴዛውን እንደተሸከመ ይቆማል። ያን ጊዜ እኔ ቀስ ብዬ «ደጋ እኮ ሴት አይገባም» እላለሁ፤ ትርንጎም ወደኔ ትዞራለች። እዚህ ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ።

አንድ እሑድ ደመቀ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ጀልባዋን ልናያት ወደ ጎርጎራ ወሰደን። አዘዞ ኬላ ላይ አንድ ሚሊሺያ ይለፋችንን ተቀብሎ በመስኮት አጎንብሶ አየን።

«ወዴት ነው፣ ጓዶች?»

«ለዓሣ ሀብት ጥናት» አለ ደመቀ ኮስተር ብሎ።

«ሦስቱም ሴቶች?»

«አንዷ ታጠምዳለች፣ አንዷ ትመዝናለች፣ አንዷ ትመዘግባለች።»

«የምታጠምደው የትኛዋ ናት?»

«እኔን አጥምዳኛለች» ብሎ ትርንጎን አሳየው። ሚሊሺያው እየሣቀ ገመዱን አወረደልን። ሐረገወይን «የምመዝነው እኔ ነኝ፤ ላቦራቶሪ ነው ሥራዬ» አለች። መዝጋቢዋ እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

ቆላ ድባን አልፈን፣ አቧራ ጠግበን ጎርጎራ ደረስን። ጀልባዋ ነጭ ቀለም ተቀብታ ውኃው ዳር ቆማለች። ካፒቴኗ አያ ዋኘው የሚባሉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ የደምቢያ ሰው ናቸው። «ኧረ ምነው፣ ማኪናው እናንተን ነው አቧራውን የጫነ?» ብለው ተቀበሉን።

ከደመቀ ጋር ሞተሩን ሊያዩ ወደ ታች ሲወርዱ እኛ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባን። ጠባብ ናት፤ ግን እንዴት ያለች ክፍል! ግድግዳዋ በእንጨት ተለብዷል። አንዱ አልጋ ከክብ መስኮት ሥር ነው፤ ሐይቁ ተንጣልሎ ይታያል። ሌላው ከበሩ አጠገብ ነው፤ ከሱ የሚታየው ሳሎኑና ቀይ ፕላስቲክ የለበሰው ረጅም አግዳሚ ብቻ ነው።

ሐረገወይን ቦርሳዋን መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ጣለች።

«ዳኑብ!» አለች፣ በመስኮቱ እያየች።

እኔ ቦርሳዬን በደረቴ እንዳቀፍኩ በሩ ላይ ቆሜ ትርንጎን አየኋት። ትርንጎ ቦርሳውን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ አግዳሚው መለሰች።

«ይርጌ፣ አንቺ እንኳ የትም ይመችሻል አይደል?»

«አዎ» አልኩ። «የትም ይመቸኛል።»

የምፈልገውን በአፌ የማልጠይቅ ሰው መሆኔን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህም ነው እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ። ቢሆንም ደጋ አለች ብዬ ተጽናናሁ። አራት ሌሊት አግዳሚ ላይ ብተኛም፣ በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ደጋ አለች።

ወደ ላይ ስንወጣ ሐረገወይን ካርታውን ዘርግታ ከሞተሩ ለተመለሱት ለአያ ዋኘው መንገዱን ታስረዳ ጀመር። እሳቸው የጀልባዋን ጠርዝ ተደግፈው «ሸጋ ... ሸጋ ነው» ይላሉ። ትርንጎ ግን እሷን አትሰማትም ነበር። ዳር ላይ ያለችውን ታንኳ ነበር የምታየው። የደንገል ቄጠማ ታንኳ ናት። አንዲት ነጠላ የደረበች ሴትና አንዲት ትንሽ ልጅ እላይዋ ተቀምጠው፣ ወደ መሬት የወረደ ሰው ይጠብቃሉ። ልጅቱ አንድ እግሯን ወደ ውኃው ሰዳለች።

«ሁለተኛው ቀን ምሳ፣ ደጋ ወርደን ...» አለች ሐረገወይን።

«ቆይ» አለች ትርንጎ።

ዞራ አየችኝ።

«ይርጌ፣ ያጎትሽ ገዳም ማን ነበር? ታንኳ ላይ ተቀምጣችሁ ዳቦ ያቀበሏችሁ ... እናትሽ የቆነጠጠችሽ?»

ይህን የነገርኳት ስድስት ኪሎ፣ በዚያችው ብርድ ልብስ ሥር ነው። ለሌላ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ትረሳለች ያልኳት ልጅ ቁንጥጫውን ሳይቀር አስታወሰችው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን እፈልግ ነበር?

«ደጋ» አልኩ።

ፊቷ ቀስ ብሎ ሲለወጥ አየሁ። ሐረገወይን ካርታውን እንደያዘች አንዴ እኔን፣ አንዴ ትርንጎን ታያለች።

«ደጋ ምን?» አለች።

«ደጋ ሴት አይገባም» አለች ትርንጎ፣ ቶሎ ብላ። «ይርጌ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከዚያ «ነይ እስቲ» ብላ እጄን ይዛ ወደ ጀልባዋ ጀርባ ወሰደችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«ካርታውን የሣልሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ጠረጴዛውንም።»

«አዎ።»

«ዘርፉን ሳይቀር አሳምረሽ!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነጭ ቀሚስ ለብሼ ከጀልባው የምወርደው እኔ ነበርኩ፣ ይርጌ። ሐረግ ፎቶ አንሺ ናት። መነኩሴው የሚመልሱት እኔን ነው። ሙሽራ ሆኜ፣ ሠርጌ ሊደርስ፣ ገዳም ልደፍር ስል! ያን ጊዜ አንቺ የት ቆመሽ ልታዪኝ ነበር?»

ያን ትዕይንት በሐሳቤ ስንት ጊዜ አመላልሼዋለሁ፤ ሐረገወይን ነበረች፣ መነኩሴው ነበሩ፣ ጠረጴዛ የተሸከመው አስተናጋጅ እንኳ ነበር። ትርንጎ ከጀልባው ስትወርድ ግን አንድም ቀን አላየኋትም። እሷ ወደኔ የምትዞር ፊት ብቻ ነበረች።

«ቅር ያለሽ ነገር ካለ በአፍሽ አትነግሪኝም?»

«ጀልባው የኔና ያንቺ ነበር» አልኩ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። «እኔና አንቺ ብቻ ብለሽኝ ነበር።»

ትርንጎ ፊቷን ወደ ውኃው መለሰች።

«እሱን ረስቼው ነበር» አለች። «ታንኳዋን ግን አልረሳሁም።»

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች፤ ተከተልኳት። ሐረገወይንም ካርታውን አጣጥፋ መጣች።

«ስሙኝ» አለች ትርንጎ። «ደጋ እንሄዳለን። ደመቀ ወርዶ ይሳለም፤ እኛ ሦስታችን ጀልባዋ ላይ ሆነን ምሳችንን እንበላለን። መኝታውን ደግሞ ወስኛለሁ። እናንተ ሁለታችሁ እዚህ ተኙ። እኔ አግዳሚው ላይ እተኛለሁ።»

«እንዴ ትሪ! ሙሽራ አግዳሚ ላይ?» አለች ሐረገወይን።

«አዎ፤ ሙሽራ አግዳሚ ላይ። ሚዜነቱንም በዚያው አራት ሌሊት ተነጋገሩበትና ስትስማሙ ንገሩኝ። እስክትስማሙ ድረስ አንደኛ የለኝም።»

ወጣች። ጫማዋን አውልቃ አግዳሚው ላይ ጋደም ስትል ፕላስቲኩ ተንቋቋ። ደመቀ ከታች ብቅ ብሎ «ምነው፣ ጥናቱ ደከመሽ?» ሲላት ሰማሁ። አልሣቀችም።

እኔና ሐረገወይን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀረን። ለብቻችን ሆነን አናውቅም። ካርታውን አልጋው ላይ አስቀምጣ የሣልኩትን ጠረጴዛ በጣቷ ነካካችው።

«አውቀሽ ነው?» አለች።

ዝም አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታዬን ሰው አነበበው።

«የሷን ወሬ ስንጀምር አንቺ የሌለሽበት የለም» አለች ሐረገወይን፣ እኔን ሳታይ። «ይርጌ እንዲህ አለች፣ ይርጌ ይህን አነበበች፣ ስድስት ኪሎ እያለን ይርጌ ... እኔ ዳኑብን ባላወራ ምን ላወራ ነው? ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ አንቺ ይዘሽዋል።»

አዘንኩላት ብል ውሸት ነው። በመጀመሪያ የተሰማኝ ነገር፣ ትርንጎ እኔ ሳልኖር ስሜን የምትጠራ መሆኗ ነው። ቀጥሎ የተሰማኝ፣ ያን ሁሉ የኔን ነገር ለሐረገወይን መንገሯ ነው። ታንኳዋንስ ነግራት ይሆን?

«መስኮቱን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። «ሐይቁ ይታያል።»

መልስ ሳትጠብቅ ቦርሳዋን ከመስኮቱ ሥር አነሣችና በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ክፍት በሩ ውስጥ ቀዩ አግዳሚ ነበረ፤ ከአግዳሚው ጫፍ ላይም የትርንጎ ባዶ እግሮች።

እኔም ቦርሳዬን ከደረቴ አውርጄ እዚያው፣ ከሷ ቦርሳ ጎን፣ በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ አኖርኩት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አላነሣሁትም። እሷም የራሷን አላነሣችም።

የመስኮቱ አልጋ ባዶውን ቀረ።